ድንቹ ሳይበስል ጎመኑ እንዳይሟሟ

ጥያቄ፦ የምኖረው ገፈርሳ ነው። ጠዋት ጠዋት በእግሬ ስሄድ በሰላምታ የተዋወቅኳቸውን ጎረቤቶች የጾም ምሳ ልጋብዛቸው አስቤአለሁ። የአታክልት ወጥ ስሠራ ግን ጎመኑ ሟሙቶ ድንቹ ጥሬ ይቀርብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። ገፈርሳ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። እሳት ቢጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልተው ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ካስገቡ በኋላ ካሮቱን ያስቀድሙ፤ በትንንሹ የተቆረጠውን ድንች ያስከትሉ። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገው በመካከለኛ እሳት ይክደኑት። ጥቅል ጎመኑ የሚገባው ድንቹ ለሹካ ሲለሰልስ ብቻ ነው፤ ውሃውን ራሱ ያወጣል። ቲማቲም ከወደዱ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ኮምጣጣነቱ ድንቹን ቶሎ እንዳይበስል ያደርገዋል። በርበሬ አልመክርም፣ የእርዱን መዓዛ ይውጠዋል፤ ቃሪያ ይበቃል።

ለግብዣው አያመንቱ። የዚህ ወጥ ትልቁ ጸጋ ሥጋ የሌለው መሆኑ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤትዎ ሳይሳቀቅ ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። ወሩ ረመዳን ከሆነ ግን ምሳውን ወደ አፍጥር ያዛውሩት።