ቀናዓ ወይስ ስንፍና?

ሰላት በወቅቱ የሚሰገድበት፣ ባልደረባ የሚዋደድበት፣ ደመወዙ ሐላል የሆነ መሥሪያ ቤት ትልቅ ኒዕማ ነው። ግን ዕድገት ከሌለው እዚያው መቆየት ቀናዓ ነው ወይስ ስንፍና?

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ወደ መዲና ሲሰደዱ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ፈለጉ። እሳቸው ግን በረካ ተመኝተውላቸው ገበያው የት እንደሆነ ጠየቁ፤ በአይብና በቅቤ ንግድ ጀመሩ።

ቀናዓ አላህ በሰጠው መብቃቃት እንጂ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የሚያስቀራችሁ አዲሱን መፍራት ብቻ ከሆነ ተነሱ። አዲሱ ሥራ ጁሙዓችሁን የሚያሳጣ ከሆነ ግን ጭማሪው ኪሳራ ነው። አዋቂ አማክሩ፣ ሁለት ረከዓ ኢስቲኻራ ስገዱ፣ ከዚያ ወስኑና በአላህ ተመኩ።

አላህ ኸይር ያለበትን ይምረጥልን። ጁሙዓ ሙባረክ!