ብቻውን የሞተ ሰው ቤት፦ ዕቃውን ከማቃጠላችሁ በፊት

የዚህ ወር ርዕሳችን ለጨዋታ የሚመች አይደለም፤ ሆኖም በሠፈራችን የሚገጥም ነገር ነው። ጅግጅጋ የንግድ ከተማ ናት። ከቶጎጫሌ ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር፣ ከሌላ ክልል ለሥራ የመጣው ግንበኛ፣ ልጆቿ ወደ ውጭ የሄዱባት እናት በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲሞት ጎረቤት የሚያውቀው ከቀናት በኋላ፣ በጠረኑ ሊሆን ይችላል። ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ትንሽ ያግዛል። በሽንሌ፣ በአይሻና በደወሌ ሙቀት ግን አስከሬን እጅግ ቶሎ ይበላሻል።

ጀናዛው ከተቀበረ በኋላ ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ ፍራሹም ልብሱም ሳንዱቁም አንድ ላይ ይከመርና ጋዝ ይርከፈከፍበታል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ክፉ ሆነው ሳይሆን በሽታ ፈርተው ነው። ነገር ግን የሟች ንብረት የጎረቤት አይደለም። በሸሪዓ መጀመሪያ የቀብር ወጪው፣ ቀጥሎ ዕዳው፣ ከዚያም ከሲሶ ያልበለጠ ኑዛዜው ይወጣለታል፤ የተረፈው የወራሾች ሐቅ ነው። በዚያ ሳንዱቅ ውስጥ የዕዳ ደብተር፣ የባንክ ደብተር ወይም ለየቲም ልጅ የሚተርፍ ነገር ሊኖር ይችላል። በእሳት ከጠፋ ማን ይመልሰዋል?

ፍርሃቱም ቢሆን ከልኩ ያለፈ ነው። ሽታው ያስመልሳል፣ ራስ ያዞራል፤ በራሱ ግን ወረርሽኝ አያመጣም። የዓለም ጤና ድርጅትም በአደጋ የሞቱ ሰዎች አስከሬን እንዲሁ ወረርሽኝ እንደማያስነሳ ሲያስረዳ ቆይቷል። ጥንቃቄ የሚያሻው ደም፣ ሰገራና ሌላ ፈሳሽ ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ሟቹ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ከነበረ በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በሳህንና በብርጭቆ አይደለም፤ ክፍሉን በደንብ ማናፈስ ይበቃል። በ2009 ዓ.ም ክልላችንን ክፉኛ እንደጎዳው አተት ያለ ተቅማጥና ትውከት ከተጠረጠረ ግን ራሳችሁ አትጀምሩ፤ ለጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

ከሁሉ በፊት ፖሊስ ይጠራ። ፖሊስ አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ አንዲት ትራስ እንኳ አትነሳ። ከዚያ በኋላ ሁለት የታመኑ ሰዎች ባሉበት በክፍሉ ያለው ዕቃ በወረቀት ይመዝገብ። ገንዘብ፣ መታወቂያና ሰነድ ለብቻ ይቀመጥ፤ የረጠበ ወረቀት በጥላ ሥር ይድረቅ።

በርና መስኮቱን ክፈቱና ቤቱ ይናፈስ። ኡንሲ ማጨስ ልማዳችን ነው፤ ጥሩ መዓዛ አለው፤ ግን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ቆሻሻውን አያነሳም። መጨረሻ ላይ አጭሱት። የጎማ ጓንትና የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በበረኪና ነው። በደረቀ ደም ላይ በረኪና ቢያፈሱበት ቆሻሻው ኃይሉን ይበላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ፈግፍጉ፣ ከዚያ በረኪናውን ቀቡና 10 ደቂቃ አቆዩት። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለወለልና ለዕቃ አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይበጠበጣል። ለልብስ ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የውሃ ብርጭቆ ገደማ፣ በ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይበቃል። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም። ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ብረት፣ ብርጭቆ፣ ሸክላ ያልሆነ ሳህንና ተርሙዝ ይድናሉ። ብረቱ እንዳይዝግ በውሃ ይለቅለቅ። ተዘግቶ የቆየ ሳንዱቅ ውስጥ ያለ ልብስ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይበቃዋል። ደም የነካው ዲራዕ ወይም ሽርጥ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዘፍ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያጣብቀዋል። ፈሳሽ የጠጣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ወፍራም ምንጣፍ አይድንም። በቃጫ የተሠራው ሐንም ፈሳሽ ከነካው እንዲሁ ነው፤ ለባለቤቶቹ ትዝታ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ወተት አይቀመጥበትም። ፍራሹን በሠፈር መሃል አታቃጥሉ፤ የስፖንጅ ጭስ መርዝ አለው። ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይተኛበት በቢላዋ ቆራርጣችሁ ቆሻሻ መጣያ ቦታ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። የአፈር ወለል ከሆነ የረጠበው አፈር ተዝቆ ይቀበር።

ስለ ጠሃራው ብዙዎች ይጨነቃሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ የሰው አስከሬን ራሱ ነጃሳ አይደለም፤ የፈሰሰው ደምና መግል ግን ነጃሳ ነው። ተፈግፍጎ ከታጠበ በኋላ ቀለሙ ብቻ ወይም ሽታው ብቻ አልለቅ ቢል ይቅር የተባለ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከቀሩ ግን እንደገና ይታጠብ። መጨረሻው መለቅለቂያ ንጹህ ውሃ ይሁን፣ ውሃውም በልብሱ ላይ ይፍሰስ። 200 ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ በርሜል ያህል ካልሞላ ውሃ ውስጥ ነጃሳ ያለበትን ልብስ ብትነክሩት ውሃው ራሱ ይነጀሳልና። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት አገር ይህን ማወቅ ወጪም ይቆጥባል። እጣቢው ወደ ቢርካ ወይም ወደ ጉድጓድ በሚወርድ ቦይ አይደፋ። በቀብሪበያህና በሐርትሼክ በኩል ያለው ሰው ከቢርካ እንደሚጠጣ አትርሱ። የተበላሸ ሙስሐፍ ካለ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ኢማሙን ጠይቃችሁ በክብር ይቀበር።

የምግቡ ነገር አጭር ነው። ያልተከፈተ ቆርቆሮ ወተትና የታሸገ ዘይት ውጫቸው ታጥቦ ይበላል። የተከፈተ ስኳር፣ ዱቄትና ቴምር፣ ዝንብ ያረፈበት ሁሉ ይጣል። ሩዝ በተሰፋ ማዳበሪያ ውስጥ ቢሆንም ጆንያው ፈሳሽ ያስገባል፤ ከረጠበ አትመኑት።

አልጋ ስታነሱ እጃችሁን ሳታዩ አታስገቡ። ስኳር በሽታ የነበረበት ሰው የኢንሱሊን መርፌ፣ ሌላውም ምላጭ ከፍራሹ ሥር ሊያስቀምጥ ይችላል። ቢወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ፣ አትጭመቁት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ካራማራ ሆስፒታል ሂዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባትም እዚያው ጠይቁ።