ልቡ እየመታ ሰው ሞተ ይባላልን?

ሞት ምንድን ነው ቢሉ የነፍስ ከሥጋ መለየት ነው። ከአባቶች የተቀበልነው ይህ ነው፤ ሐኪምም ይህን ልለውጥ አላለም። ነገር ግን ነፍስ አትታይም፤ የተለየችበትን ቅጽበት ያየ የለም። እኛ የምናየው በሥጋ ላይ የሚገለጠውን ምልክት ነው፤ ትንፋሽ ሲቆም፣ ትርታ ሲጠፋ፣ ገላ ሲቀዘቅዝ ዐረፈ እንላለን። እንግዲህ ምእመናን፣ ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ፤ ሞቱ አንድ ነገር ነው፣ ምልክቱ ሌላ ነው። የዘመናችን ክርክር ያለው በምልክቱ ላይ ነው። ቀላል ክርክርም አይደለም፤ ምልክቱን የሳተ ሕያዉን ይቀብራልና።

ነገሩ እንዴት መጣ ቢሉ፣ ከመልካም ሥራ መጣ። በ1952 (ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሕሙማን መተንፈስ ሲያቅታቸው፣ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም በጉሮሯቸው ቱቦ አስገብቶ አየር እንዲሰጣቸው አደረገ። የሕክምና ተማሪዎች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ የአየሩን ከረጢት በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። ሊሞቱ የነበሩ ብዙዎች ተረፉ። ያንን ድካም በኋላ ማሽን ተረከበው። ልብ ደግሞ ለመምታት የአንጎልን ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ምቱን የሚያስነሣው በውስጡ ያለ ክፍል ነው። ስለዚህ ማሽኑ ኦክስጅን እስካቀበለው ድረስ፣ አንጎል ፈጽሞ ከጠፋ በኋላም ለጊዜው ይመታል። በ1959 ሞላሬና ጉሎን የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪሞች ይህን ከኮማ ያለፈ ሁኔታ ብለው ጻፉት።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 በኬፕታውን ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረገ። ከስምንት ወር ያህል በኋላ፣ በነሐሴ 1968፣ ሄንሪ ቢቸር የመራው የሃርቫርድ ኮሚቴ ይህ የማይመለስ ኮማ እንደ ሞት ይቆጠር የሚል ሐሳብ አወጣ፤ ዛሬ የአንጎል ሞት የምንለው ይህ ነው። ኮሚቴው ምክንያቱንም አልሸሸገም። አንደኛው በሕመምተኛው፣ በቤተሰቡና በሆስፒታሉ ላይ የሚወድቀው ሸክም ነው። ሁለተኛው፣ የቀድሞው የሞት መለኪያ ለንቅለ ተከላ የሚሆን አካል በማግኘት ላይ ውዝግብ ያስነሣል የሚለው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኅሊናን ይወጋል፤ ሊወጋም ይገባዋል። አንድ ሰው ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለው ጥያቄ፣ ሌላው ሰው ልቡን ወይም ኩላሊቱን በመፈለጉ ሊመለስ አይችልም። እውነት የተናገረ ሰው ጥቅም ስላለው ቃሉ ሐሰት አይሆንም፤ ባለ ጥቅሙ ብቻውን ዳኛ ይሁን ግን አንልም። ስለዚህ የኮሚቴውን ምክንያት ወደ ጎን ትተን ምልክቱን በራሱ እንመርምረው።

አዳም ሕያው የሆነው እግዚአብሔር የሕይወትን እስትንፋስ እፍ ቢልበት ነው። ታዲያ ያለ ማሽን የማይተነፍስ ሁሉ ሙት ነውን? አይደለም። በኮፐንሃገን በከረጢት አየር ይሰጠው የነበረ ሕፃን በራሱ አይተነፍስም ነበር፤ እናቱን ግን ያውቃል፣ ይፈራል፣ ይጸልያል። በአንጎል ሞት ግን ትንፋሽም ማወቅም አብረው፣ ላይመለሱ ጠፍተዋል። እኔ ምልክቱን የምቀበለው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱ በአንድነት መጥፋታቸው በእርግጥ ከታወቀ።

በእርግጥ የሚለውን ቃል አትለፉት። አስቀድሞ ማደንዘዣና ማስተኛ መድኃኒት ከሰውነት መውጣቱ፣ ገላውም አለመቀዝቀዙ ይረጋገጣል፤ መድኃኒቱም ቅዝቃዜውም ሕያዉን ሙት ሊያስመስሉ ይችላሉና። ከዚያ ብሌን ለብርሃን፣ ዐይን ለንክኪ፣ ጉሮሮ ለቱቦ መልስ መስጠት አለመስጠታቸው ይታያል። በመጨረሻ ኦክስጅን እየተሰጠው ማሽኑ ለደቂቃዎች ይቆማል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ እየበዛ ሲሄድ ደረቱ ለመተንፈስ ይነሣ እንደሆነ ይጠበቃል።

ልንጠነቀቀው የሚገባ ስሕተት የአንጎል ሞትን ራስን ካለማወቅ ጋር መቀላቀል ነው። ዐይኑን የሚገልጥ፣ የሚተኛና የሚነቃ፣ በራሱ የሚተነፍስ ነገር ግን ማንንም የሚያውቅ የማይመስል ሕመምተኛ አለ። እርሱ ሕያው ነው። ዓመታት ቢቆይም ሕያው ነው፤ ሙት ብሎ መጥራት ኃጢአት ነው። ሕክምናው ፍሬ አጥቶ ሥቃይ ብቻ ሲሆን መተዉ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያንንም በገዛ ስሙ ጠርተን እንመካከርበት፣ በሞት ስም አንሸፍነው።

ክርክሩ አላለቀም። የእስራኤል ዋና ረቢዎች ጉባኤም፣ በአማን ከተማ የተሰበሰበው የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም በ1986 ምልክቱን ተቀብለዋል፤ ከየሃይማኖቱ የማይቀበሉትም አሉ። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም አለን ሼውሞን በ1998 የአንጎል ሞት ከተነገረባቸው በኋላ በማሽን ሰውነታቸው ለሳምንታትና ለወራት የቆየ ሰዎችን ታሪክ ሰብስቦ አሳተመ። ቁስል ይድናል፤ ነፍሰ ጡሮችም ፅንሳቸውን እስከ መውለጃ ያደረሱበት ጊዜ አለ። እነዚህ ሊናቁ አይገባም። ይህን አይቶ ኅሊናው የማይቀበለውን ወንድም እምነት የጎደለው አትበሉት።

በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ይህ ቢገጥማችሁ፣ ምርመራው በሙሉ መደረጉን ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐኪሙን መናቅ አይደለም። በዚያ ሕግ ሞትን የወሰነው ሐኪም አካሉን በማውጣትም ሆነ በመትከል አይሳተፍም። የኒው ጀርሲ ሕግ ደግሞ በሃይማኖት ምክንያት የአንጎል ሞትን ለማይቀበል ሰው እስከ ልብ መቆም ድረስ ይጠብቃል። አካል መለገስ የፍቅር ሥራ ነው፤ ፍቅር የሚሆነው ግን ሟቹ አስቀድሞ ፈቅዶ ወይም ቤተሰቡ ሳይገደድ ሲሰጥ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ማሽኑ ሲነቀል የሟቹ ክንዶች ተነሥተው በደረቱ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። እንቅስቃሴው ከኅብለ ሰረሰር የሚመጣ ነው፤ ሐኪሞች በአልዓዛር ስም ይጠሩታል። ሳይነገራት ያየች እናት ልጄን በሕይወቱ ሳለ ገደሉብኝ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ታዝናለች፤ ሐኪሙም ካህኑም ከመነቀሉ በፊት ሊነግሯት ይገባል።