መሪ የሚጨብጥ ሰው ጤንነት፦ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ምርመራ ምን ይለካል?

አንድ ከባድ የጭነት መኪና ረጅም መንገድ ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑ፣ ጎማውና መብራቱ ይፈተሻሉ። መኪናውን የሚነዳው ሰውስ ምኑ ይፈተሻል? የሚፈተሸውስ ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምንመለከተው የአሜሪካን ሕግ ምሳሌ በማድረግ ነው። ምክንያቶቻችን ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ በዚያ አገር የምርመራው መለኪያዎች በቁጥር ተለይተው የተጻፉ በመሆናቸው ለትምህርት ያመቻሉ። ሁለተኛ፣ እዚያ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በዚህ ሙያ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ በርካቶች ናቸው።

አንድ ሰከንድ ስንት ሜትር ነው?

በአሜሪካ ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ለአንድ የጭነት መኪና በአጠቃላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት፣ ከነጭነቱ 80,000 ፓውንድ ወይም 36,000 ኪሎግራም ያህል ነው። ይህ መኪና በሰዓት 90 ኪሎሜትር ሲጓዝ በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። ከእንቅስቃሴው የሚያገኘው ኤነርጂ የክብደቱ (በኪሎግራም) ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ ይገኛል፤ ውጤቱም 11.25 ሚሊዮን ጁል ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት የሚጓዝ 1,500 ኪሎግራም የሚመዝን የቤት መኪና የሚኖረው ኤነርጂ የዚህ አንድ ሃያ አራተኛ ብቻ ነው።

አሽከርካሪው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ መኪናው ፍጥነቱን መቀነስ ሳይጀምር 37.5 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ የምርመራው መሠረታዊ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ሐኪሙ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ፍጹም ጤነኛ ነውን?» ብሎ አይደለም። ጥያቄው «ይህ ሰው በእያንዳንዷ ሰከንድ ማየት፣ መስማት፣ መወሰንና መንቀሳቀስ ይችላልን? በድንገት ራሱን የመሳት ሥጋትስ አለበትን?» የሚል ነው።

ዓይንና ጆሮ

በመደበኛው መለኪያ መሠረት አሽከርካሪው በእያንዳንዱ ዓይኑ፣ በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር፣ ቢያንስ 20/40 የማየት ችሎታ እንዲኖረው ይጠበቃል። የዚህ ቁጥር ትርጉም፣ ጤናማ ዓይን ከ40 ጫማ ርቀት የሚለየውን ፊደል ተመርማሪው ከ20 ጫማ ይለየዋል ማለት ነው። ይህንን ወደ መንገድ እናምጣው። ጤናማ ዓይን ከ100 ሜትር የሚያነበውን ምልክት የ20/40 ዓይን የሚያነበው 50 ሜትር ሲቀረው ነው። ከላይ በጠቀስነው ፍጥነት የመጀመሪያው አሽከርካሪ 4 ሰከንድ ሲኖረው፣ ሁለተኛው የሚኖረው 2 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የእያንዳንዱ ዓይን የአግድም እይታ ቢያንስ 70 ዲግሪ መሆን፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ የትራፊክ መብራቶችንም መለየት ይኖርበታል።

የመስማት ምርመራው ቀላል ነው። መርማሪው ቢያንስ በ5 ጫማ (1.5 ሜትር ያህል) ርቀት ላይ ሆኖ በሹክሹክታ ሲናገር፣ ተመርማሪው በተሻለው ጆሮው መስማት አለበት። በመሣሪያ ከተለካ ደግሞ በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ኸርዝ የሚታየው የመስማት ጉድለት በአማካይ ከ40 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም።

የደም ግፊትና ስኳር

የደም ግፊት ለብዙ ዓመታት ምንም ስሜት ሳይሰጥ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በምርመራው ከፍተኛ ቦታ ይሰጠዋል። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ቢበዛ ለ2 ዓመት ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ በተሠራበት መመሪያ መሠረት ግፊቱ 140/90 የደረሰ ሰው የሚሰጠው የአንድ ዓመት ወረቀት ነው። 180/110 ከደረሰ ግን ግፊቱ በሕክምና እስኪወርድ ድረስ ወረቀቱን አያገኝም።

ሽንትም ይመረመራል። ብዙዎች ይህንን ከአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ጋር ያምታቱታል፤ ያኛው ግን ራሱን የቻለ ሌላ ምርመራ ነው። በዚህኛው የሚፈለጉት ፕሮቲን፣ ደምና ስኳር ናቸው፤ የኩላሊትና የስኳር በሽታ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉና።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ዋነኛ ሥጋት የስኳር መጠኑ ከሚገባው በላይ ዝቅ ማለቱ ነው። አንጎል በዋናነት የሚሠራው በግሉኮስ ስለሆነ፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን በጣም ሲቀንስ ሰውየው ይደናገራል፤ ሲብስም ራሱን ይስታል። በዚህ ምክንያት ኢንሱሊን ተጠቃሚዎች በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ለረጅም ዘመን ከአንድ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ጭነት እንዳያመላልሱ ተከልክለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጉ ተሻሻለ። ሕክምናው የተረጋጋ መሆኑን ሐኪማቸው ካረጋገጠና ቢያንስ የ3 ወር የስኳር ልኬት መዝገብ ካቀረቡ፣ እስከ አንድ ዓመት የሚያገለግል ወረቀት ሊሰጣቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አንድ ዓይናቸው መለኪያውን ለማያሟላ አሽከርካሪዎች ተመሳሳይ በር ተከፍቷል።

በምርመራ ክፍል የማይታየው ሕመም

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ በቀን፣ ተመርማሪው ነቅቶ ሳለ ሊለኩ የሚችሉ ናቸው። በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ግን ከዚህ ይለያል። ሰውየው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ላልተው የአየር መተላለፊያውን ይዘጋሉ፤ ትንፋሹ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም ለአፍታ ይነቃል። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተደጋገመ ሕመሙ ጽኑ ይባላል። ሰውየው ጠዋት ሲነሣ ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ይመስለዋል፤ ቀን ግን መሪ እንደጨበጠ ያንጎላጃል። ለ4 ሰከንድ እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርገው፣ መኪናው ያለ ነጂ 100 ሜትር ተጓዘ ማለት ነው።

በአሜሪካ ይህንን ሕመም የሚመለከት ደንብ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ሂደት በ2017 ተቋርጧል። በመሆኑም ጉዳዩ በመርማሪው አስተዋይነትና በአሽከርካሪው ሐቀኝነት ላይ ተጥሏል። «ታንኮራፋለህን? ቀን እንቅልፍ ያስቸግርሃልን?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛውን መልስ የሚያውቁት አሽከርካሪውና አጠገቡ የሚተኛው ሰው ብቻ ናቸው።

መደበቅ ወይስ መታከም?

እዚህ ላይ ነው ፈተናው። ወረቀቱን ያላገኘ ሰው እንጀራው ይቋረጣል። የመኪና ዕዳ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ሁሉ በአንዲት ፊርማ ላይ ተንጠልጥለው ሲያይ «አላንኮራፋም» ለማለት ቢፈተን አያስደንቅም። ይሁን እንጂ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ ከሐኪም የተሸሸገ ሕመም ከመንገዱ አይሸሸግም። ደግሞም ከላይ እንዳየነው፣ የሕጉ አካሄድ የበሽታውን ስም አይቶ ከመከልከል፣ በሽታው በቁጥጥር ሥር መዋሉን ለክቶ ወደ መፍቀድ አዘንብሏል። የትንፋሽ መቋረጥ ያለበት ሰውም የአየር ግፊት በሚሰጥ ጭምብል ታክሞ ወደ ሥራው መመለስ ይችላል። የተናገረ ለጊዜው ሥራ ሊፈታ ይችላል፤ የደበቀ ግን የራሱንም የሌላውንም ሕይወት ያስይዛል።

ይህ ሐቅ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ደጋ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው አሽከርካሪም ለዚያው የፊዚክስ ሕግ ተገዥ ነው።

መልመጃ

የ36,000 ኪሎግራሙ መኪና ፍጥነቱን በሰዓት ወደ 72 ኪሎሜትር ቢቀንስ፣ (ሀ) ኤነርጂው ስንት ይሆናል? (ለ) አሽከርካሪው ለ3 ሰከንድ ቢያንጎላጅ መኪናው ስንት ሜትር ይጓዛል?

መልስ፦ (ሀ) 7.2 ሚሊዮን ጁል። ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ኤነርጂው ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቀነሱን ልብ ይበሉ። (ለ) 60 ሜትር።