ስለ ኮክና ስለ መሰሎቹ ፍሬዎች መበስበስ፤ ከተለቀሙም በኋላ ያለ መርዝ ስለሚጠበቁበት ዘዴ

በውስጣቸው እንደ ድንጋይ የጠነከረ አንድ ዘር ያላቸው ፍሬዎች፤ ይኸውም ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕሪኮትና ቼሪ የሚባሉት፤ ከዛፍ ከወረዱ በኋላ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ያገራችን የደጋ ባለ አትክልት ኮኩን ለቅሞ በጆንያ አስሮ በአህያ ጭኖ ገበያ ቢያወርድ፣ ጆንያው ሲፈታ የታችኛው ፍሬ ተጨፍልቆ፣ የመካከለኛው ሻጋታ ለብሶ ሊገኝ ይችላል። ሻጩም የተረፈውን ባገኘው ዋጋ ጥሎ ይመለሳል። በሚመጣው ጊዜ ብስባሴን ፈርቶ ጥሬውን ይለቅማል፤ ጥሬ ኮክ ደግሞ ጣዕም ስለሌለው ገዥው ይሸሻል። እንዲህ ሆኖ አንድ ቤተ ሰብ ከጓሮው ሊያገኘው የሚችለው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። የአገር ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት በዚህ ነገር እንዲያስቡበት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ ጥፋቱ በብዙው በሥርዓት ማጣት የሚመጣ እንጂ በገንዘብ ማጣት የሚመጣ አይደለምና።

አስቀድሞ ጠላቱን መለየት ያሻል። ፍሬውን የሚያበሰብሰው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ፈንገስ የሚባለው ሻጋታ ነው። ከሻጋታዎቹም በዓለም እጅግ የታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሞኒሊኒያ ይባላል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የኮክ እርሻ የታወቀው ትልቅ ጠላት እርሱ ነው። ቡናማ ነቁጥ ሆኖ ይጀምርና አየሩ ሞቃት ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ፍሬውን ይወርሳል፤ በላዩም አመድ የመሰለ ዱቄት ያበቅላል፤ ያ ዱቄት ዘሩ ነው። ሁለተኛው ሪዞፐስ የሚባለው ሲሆን በቆየ ዳቦ ላይ የሚወጣው ጥቁር ሻጋታ ራሱ ነው። መጀመሪያ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይነሣል፤ ቀጥሎ በየክሩ ጫፍ የመርፌ ራስ የሚያህል ጥቁር ነጥብ ያፈራል፤ ፍሬው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ልጣጩም ሲነኩት ይገፈፋል።

የሁለቱን ጠባይ ማወቅ ለሥራው ይጠቅማል። ሪዞፐስ ብዙውን ጊዜ ቁስል ካላገኘ አይገባም፤ ከገባ ግን በክሩ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተሻገረ ቅርጫቱን ሁሉ ያጠፋል፤ ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድም አያድግም። ሞኒሊኒያ ግን ፍሬው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ገብቶ እስኪበስል ድረስ ሊደበቅ ይችላል፤ ውሃ በሚቀዘቅዝበት በዜሮ ዲግሪ እንኳ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ የአንዱ መከላከያ ከለቃሚው እጅ፣ የሌላው ከአትክልቱ ቦታ ይጀምራል።

እንዲህ ያለው ጥፋት ሲታይ መድኃኒት ይላክልን ብሎ መጻፍ ለሹም የቀለለ ነገር ነው። ነገር ግን በአሜሪካና በአውስትራሊያ በጣም ይታመንበት የነበረው ቤኖሚል የተባለው መድኃኒት፣ ከ1970 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞኒሊኒያ እየለመደው በብዙ ቦታ ኃይሉ ደክሞ ታይቷል። ኮክም ከነልጣጩ የሚበላ ፍሬ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ለእህል ነቀዝ የተሰጠውን ዱቄት በፍሬ ላይ መነስነስ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ቢገኝ ሹሙ ያለ ቀጠሮ ሊከለክለው ይገባል። ያ ዱቄት ተባይን ለመግደል የተሠራ ስለሆነ ሻጋታውን አይነካውም፤ የሚጎዳው በላተኛውን ነው።

በአትክልቱ ቦታ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ይረሳል። ባለፈው ወራት በስብሶ በቅርንጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ የደረቀውን ፍሬ ፈረንጆች በግብጽ እንደ ደረቀው ሬሳ ሙሚ ይሉታል። በርሱ ውስጥ ሞኒሊኒያ ሳይሞት ይከርማል፤ ዝናብ ሲያገኘውም ዘሩን በአበባውና በአዲሱ ፍሬ ላይ ይበትናል። ይህን ደረቅ ፍሬ ከዛፉም ከመሬቱም ለቅሞ ማቃጠል፣ የደረቀውንም ጭራሮ ከጤነኛው እንጨት ጀምሮ መቍረጥ፣ ነፋስና ፀሐይ እንዲገባም ቅርንጫፉን ማሳሳት ያስፈልጋል። ሻጋታው ለመግባት እርጥብ ልጣጭ ይፈልጋልና፤ ቶሎ የሚደርቅ ዛፍ ከብዙ ጥፋት ይድናል። አንድ ሰው ብቻውን ቢያጸዳና ጎረቤቱ ቢተወው ዘሩ በነፋስ ይሻገራል። የሹም ቃል የሚጠቅመው በዚህ ነው።

ለቀማው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩም ሳይበረታ ይሁን። ለቃሚው ጥፍሩን ይቍረጥ፤ ፍሬውን በመዳፉ ይዞ ይጠምዝዘው እንጂ አይጭመቀው። በበትር የረገፈ ኮክ ቁስለኛ ነው። የወደቀውንም ከተለቀመው ጋር መቀላቀል ለሪዞፐስ በር መክፈት ነው። ጆንያ ለኮክ አይሆንም፤ ጥልቀት የሌለው ሣጥን ወይም ሣር የተነጠፈበት ቅርጫት ይሻላል። ሣጥኑም ባለፈው ጭነት የፈሰሰበት ጭማቂ እንዳይቀርበት በፈላ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፤ ሣሩም በየጊዜው ይለወጥ።

አሁን ወደ ሙቅ ውሃው እንመጣለን። ፍሬን በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ለ1 ደቂቃ መንከር በልጣጩ ላይ ያለውን የሻጋታ ዘር በብዛት እንደሚገድል በልዩ ልዩ አገር ተፈትኗል። ጠልቆ የገባውን ብስባሴ ግን አይፈውስም። ሥራው ልክ ይፈልጋል፤ ውሃው ቢቀዘቅዝ ዘሩ ይተርፋል፤ ቢግል ወይም ጊዜው ቢረዝም ልጣጩ ይቃጠላል። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋችን ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 3 እጅ የፈላ ውሃ 15 ዲግሪ ካለው 2 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲቀላቀል በሒሳብ 61 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ዕቃው ጥቂቱን ስለሚወስድበት ወደ 60 ይጠጋል። በግምት ብቻ መሥራት ግን አይገባም። ቴርሞሜትር የግድ ያስፈልጋል፤ ወረዳው አንድ ገዝቶ በየተራ ቢያውስ ወጪው ቀላል ነው። ፍሬው ውሃውን ስለሚያበርደው ለ1 ኪሎ ፍሬ ከ10 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይኑር። ከዚያ በኋላ ፍሬውን በጥላና በነፋስ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ እንጂ በቆሸሸ ውሃ ማብረድ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። 60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰኮንድ የሰው ቆዳ ይልጣል፤ ስለዚህ ፍሬው ረጅም መያዣ ባለው ቅርጫት ይነከር፤ ሕፃናትም ይራቁ።

የኮክ ዓይነት ልዩ ልዩ ስለሆነ አስቀድሞ 20 ፍሬ ነክሮ፣ 20 ሳይነከር አጠገቡ አስቀምጦ እስከ አራተኛው ቀን መመልከት ያስፈልጋል። በዕለቱ በቅርብ ገበያ ለሚሸጥ አንድ ቅርጫት ግን ማገዶ ማጥፋት አይገባም። ሙቅ ውሃው የሚጠቅመው ወደ ሩቅ ከተማ ለሚሰድ ሰው ነው።

ሻጋታን በሌላ ረቂቅ ፍጥረት መዋጋትም የታወቀ ነው። ፑሴይና ዊልሰን የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለው ባክቴሪያ በተለቀመ ኮክ ላይ ሞኒሊኒያን እንደሚከለክል በ1984 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጽፈዋል። ይህ ግን በቤት የሚዘጋጅ ነገር አይደለም።

የብርድ ቤት ላለው ሰው ለኮክ የሚሻለው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ባለው ብርድ ለብዙ ቀን ከቆየ ሥጋው እንደ ሱፍ ይሆናልና። የብርድ ቤት የሌለው የደጋውን ሌሊት ይጠቀምበት፤ ፍሬውን ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሌሊቱን አሳድሮ ጎሕ ሳይቀድ ይጫን። የተላጠውንና የተጨፈለቀውን በዚያው ቀን ከፍሎ ዘሩን አውጥቶ በፀሐይ ማድረቅ ወይም ማርማላታ መቀቀል ይቻላል። የሻገተው ግን ለዚህም አይሆንም፤ አንድ ክንድ በጠለቀ ጉድጓድ ይቀበር። በገበያም ቦታ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ይኑር፤ ነፋሱ ከሻጮቹ ወደ ጉድጓዱ በሚሄድበት በኩል ቢቆፈር ይሻላል።