ስለ ደጋ መንገድ ስንቅና ጓዝ

ስንቅ ማለት መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ ለጉዞው ቀን ሁሉ እንዲበቃው አዘጋጅቶ የሚይዘው ምግብ ነው። ጓዝ ደግሞ ከስንቁ ጋራ የሚሸከመው ልብስና ዕቃ ሁሉ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ስንቁን ቢረሳ ከደረሰበት ከተማ ገዝቶ ይበላል፤ ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ በእግሩ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ግን በቤቱ የረሳውን ነገር በመንገድ አያገኘውም። ስለዚህ የተራራ መንገድ እኩሌታው የሚፈጸመው ገና ከደጅ ሳይወጡ ነው።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን የስሜን ተራራ መንገድ ይነገራል። ይህ አገር በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በሕግ የተቋቋመ፥ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ታላቅ ደጋ ነው። እግረኛው ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፥ በግጭና በጨነቅ በኩል ያልፋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል፥ ሳንቃበር 3200፥ ግጭና ጨነቅ 3600 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ ራስ ደጀን ከ4500 ሜትር ይበልጣል። ከመነሣት በፊት የአገሩን ሰላምና የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሹማምንት መጠየቅ፥ መንገድ የሚያውቅ መሪም መያዝ ግዴታ ነው።

በመጀመሪያ ስለ እሳት ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃ በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በ3600 ሜትር ከፍታ በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ ሲንተከተክ ያየ ሰው ምግቡ ፈጥኖ የሚበስል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ውኃው ከዚያ አልፎ አይሞቅምና በዚያ ሥፍራ የተጣደ ባቄላ ወይም ሽምብራ ብዙ ሰዓት ፈጅቶ እንኳ ጥሬ ጥሬ ይላል። ማገዶም የለም። በዳገቱ ላይ የሚታየው የአስታ ዛፍ በፓርኩ ሕግ የተጠበቀ ስለ ሆነ አይቈረጥም፤ መንገደኛው የላምባ ወይም የጋዝ ምድጃ ይዞ መውጣት አለበት፤ ላምባውም ራሱ ሸክም ነው።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ነገር በመለኪያ ሳይለኩ በልማድ ዐውቀውት ነበር። የአገራችን ስንቅ እሳቱን በቤት ጨርሶ የሚወጣ ምግብ ነው። በሶ ተፈትጎ የተቈላ የገብስ ዱቄት ስለ ሆነ በቀዝቃዛ ውኃና በጨው ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ጠንከር ተደርጎም ተጨብጦ ይበላል። ይኸው ዱቄት በንጥር ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይሆናል፤ ጭኮም ለብዙ ሳምንት ሳይበላሽ ይቈያል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ተይዘው እየሄዱ ይበላሉ። በከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ ጥቂት ጥቂት እያሉ ዘወትር መቈርጠም፥ ማታ አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመብላት ይሻላል። እርጥብ እንጀራ ግን ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ነው፤ በጥቂት ቀንም ይሻግታል። እንጀራ የሚወድ ሰው በሚገባ አድርቆ ድርቆሽ አድርጎ ይያዘው። መንገዱ በጾም ወራት ከሆነ በጭኮና በቋንጣ ፈንታ በዘይት የታሸ ዳቦ ቆሎና የተፈጨ ተልባ ይተካል።

ልኩ እንዲህ ይታሰባል። አንድ ጐልማሳ ጓዝ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ 3000 ካሎሪ ያህል ምግብ ያስፈልገዋል። 100 ግራም የገብስ ዱቄት 350 ካሎሪ ያህል፥ 100 ግራም ንጥር ቅቤ ከ850 በላይ ይሰጣል። እንግዲህ 600 ግራም በሶና 100 ግራም ቅቤ ለአንድ ቀን ይበቃሉ። ለ4 ቀን መንገድ 2 ኪሎ ከ800 ግራም ይሆናል፤ ጭጋግ ወይም ሕመም ቢያግድ ለአንድ ቀን የሚበቃ መጠባበቂያ ሲጨመርበት 3 ኪሎ ተኩል ይመጣል። መጠባበቂያው ቀኑ ሳይደርስ መነካት የለበትም።

ውኃ በቀን 3 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። የምንጩ መጥራት ንጹሕነቱን አያስረዳም፤ ከላይ ከብት ይሰማራበታልና። ከ2000 ሜትር በላይ ሲሆን ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እየተንተከተከ መቈየት አለበት።

ስለ ልብስ ብዙዎች የሚሳሳቱት የቀኑን ፀሐይ አይተው ነው። አየሩ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በስሜን ውርጭ ይጥላል። ጋቢ ለደረቅ ብርድ መልካም ነው። ዝናብ የነካው ጥጥ ግን ከብዶ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል እንጂ አያሞቅም። የመንዝ በግ ጠጕር የሚሠራበት ባናና በርኖስ እርሶ እንኳ ጥቂት ሙቀት ይይዛል። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ ከደብር ወደ ደብር ሲሻገር የነበረው ድኻ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ከዚህ ሌላ ዝናብ የማያሳልፍ መደረቢያና በከረጢት ተጠቅልሎ ሳይርስ የሚቈይ አንድ የሌሊት ልብስ የግድ ነው።

ሰውን የሚገድለው ዝናብ፥ ነፋስ፥ ድካምና ረኃብ በአንድ ላይ ሲገናኙ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፥ ንግግሩ ይጐተታል፥ ተቀምጦ መተኛት ይወዳል። መንቀጥቀጡ ሲተወው ጓደኞቹ ዳነ ብለው ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ይህ ግን ሰውነቱ ሙቀት ለመሥራት ዐቅም ማጣቱ ነው። ወዲያው ከነፋስ አስጠልለው፥ እርጥቡን ልብስ አውልቀው፥ በደረቅ ሱፍ ጠቅልለው ከጤነኛ ሰው ጋራ ያስተኙት። አእምሮው ካልተሰወረ ስኳር ያለበት ትኩስ ሻይ ይሰጠው። እጅና እግሩን አጥብቆ ማሸት አይገባም። አረቄ ማጠጣት ደግሞ ክፉ ልማድ ነው፤ ቆዳውን ያሞቀ መስሎ የውስጡን ሙቀት ያወጣዋል።

ከፍታም ራሱን የቻለ ሕመም አለው። ከ3000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ሥፍራ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ጕልበታም ወጣትም ቢሆን በዚህ ሕመም ይያዛል። ራሱን የሚያመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ባለበት ይረፍ እንጂ ወደ ላይ አይውጣ። እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከጀመረ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ንጋትን ሳይጠብቁ ደግፈው ወደ ቈላው ማውረድ ነው።

ሸክሙ ከተሸካሚው ክብደት ከአምስት እጅ አንዱን ባያልፍ ይመረጣል። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይታሰራል። ጫማው አዲስ አይሁን፤ አስቀድሞ በመንደር ሳምንት ሁለት ሳምንት የተሄደበት ይሁን። ድንኳኑን ሁለት ሰው ቢካፈለው ሸክሙ ይቀላል፤ የደባርቅ ሰዎች የሚያከራዩት በቅሎ ደግሞ ከሁሉም ያቀልላል።

ጥያቄ። ክብደቱ 50 ኪሎ የሆነ ወጣት ለ3 ቀን መንገድ ይነሣል። ከላይ በተሰጠው ልክ ለ3 ቀንና ለአንድ ቀን መጠባበቂያ ስንቅ ቢይዝ፥ 2 ሊትር ውኃም ቢሸከም፥ ለልብስና ለመኝታ ስንት ኪሎ ይቀርለታል?