የባል ራስነትና የነፍስ አባት ኀላፊነት

ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ መሆኑን ሁላችን እናስተምራለን። ባል በቤቱ ውስጥ «ራስ ነኝ» የሚለውን ቃል ምን እንደሚሠራበት የምንመረምር ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በወላይታ፣ በሶዶና በቢጠና አካባቢ ካለው ኑሮ ተነሥተን ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በወላይታ የገጠር ቤት ብዙውን የጓዳ ድካም የምትሸከመው ሴቲቱ ናት። እንሰቱን ፍቃ፣ ቆጮውን አዘጋጅታ፣ ቅቤውን ለገበያ አውጥታ ቤተ ሰቡን ትመግባለች። ለጊፋታ በዓል ባል የሥጋውን ገንዘብ ሲያጠራቅም እርስዋ የቅቤውን ታጠራቅማለች። በልማዱ ግን መሬት የሚወረሰው በአባት ዘር ነበረ፤ ልጅቱም ጥሎሽ ተከፍሎባት ወደ ባልዋ ወገን ትሄዳለች፤ ባልዋ ቢሞት ለወንድሙ የምትተላለፍበት ጊዜም ነበረ። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ባል ሚስቱን በገንዘቡ እንዳገኛት ንብረት ቈጥሮ እጁን ያነሣባታል።

ይህ ሰው ክርስቲያን የሆነ እንደ ሆነ ቅዱስ ጳውሎስን ምስክር ይጠራል። በእርግጥ ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ባልን ራስ ብሎታል። ነገር ግን የራስነቱን ምሳሌ ከምድር ገዥ አልወሰደም፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ ከሰጠው ከክርስቶስ ወሰደ እንጂ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ይህን ሲተረጕም፣ የሕይወት ጓደኛ በፍቅር እንጂ በፍርሃትና በዛቻ እንደማትያዝ አስተምሯል። በሥርዓተ ተክሊልም አክሊል የሚደፋው በባል ራስ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሚስትም ራስ ላይ ነው።

የአገራችንም ሕግ መንገዱን ለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በ34ኛው አንቀጽ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ሆኖም ዳኛ በማይደርስበት ጓዳ የሚደርሰው የነፍስ አባት ነው።

በዚህ ረገድ እኛም በድለናል። ከብዙ ዘመን በፊት አንዲት ሴት ለምክር መጣች። እርስዋ ከወላይትኛ በቀር አታውቅም፤ እኛ ደግሞ ወላይትኛ አንሰማም ነበር። ባልዋ አስተርጓሚ ሆኖ ተቀመጠና «ጥቂት አለመግባባት ነው» አለን። «ታገሺ» ብለን፣ ጸሎት አድርሰን፣ መስቀል አሳልመን ሰደድናት። ያን ዕለት የነገረችን ስለ ዱላው እንደ ነበረ ኋላ ከጐረቤትዋ ሰማን። ትዕግሥትን ያዘዝነው ለተበደለችው ሆነ፤ ለበዳዩ ግን ቀኖና አልሰጠነውም።

ስለዚህ ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፣ ባልና ሚስትን ለየብቻ እንስማ። የሕዝቡን ቋንቋ እንማር፤ ካልሆነም ባልን ወይም የባልን ወገን አስተርጓሚ አናድርግ። የሚደበድበውን ባል ንስሓ ሳይገባና ሥራውን ሳይተው በዕርቅ ስም አንሸፍነው። ሕይወትዋ በሚያሰጋ ጊዜም ሚስቲቱን ከመጠለልና ወደ ሕግ ከመሄድ አንከልክላት። ከጋብቻ በፊት ደግሞ የልጅቱን ፈቃድ ከአባትዋ አፍ ሳይሆን ከራስዋ አፍ እንስማ፤ ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ፍትሐ ነገሥታችንም ያስተምራልና።

እናንተም ባሎች፣ ራስ የተባላችሁት የአካሉን ሕመም አስቀድማችሁ እንድትሰሙ መሆኑን ዕወቁ። አካሉ ሲቈስል የማይሰማው ራስ በምን ራስ ይባላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።